በሊና ገበታ የተጠራው ስም

ብዙአየሁ ባሏን የጠረጠረችው በፖም ሽታ ነው።

ይግዛው ሽቶ የሚባል ነገር ቆዳውን የሚያሳክከው፣ ስልኩንም የትም ጥሎ የሚረሳ ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል የሚበረበር ነገር አልነበረም። ግን ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት እየወጣ አመሻሽ ላይ ይመለስ ጀመር። ሲመለስ ጃኬቱ ፖም ፖም ይሸታል፣ ጥፍሩ ሥር አፈር ይኖራል፣ ፊቱም በራ ይላል። ሽታውንስ ችላው ነበር፤ ያልተዋጠላት የፊቱ መብራት ነው።

"ሊና ዘንድ ነበርኩ፤ ፖም ለቀማ" ይላል።

ሊና ስቶክሆልም አቅራቢያ፣ ሜርስታ ከሚገኝ መጋዘን ከይግዛው ጋር ዓመታት ዕቃ ስትጭን የኖረች ስዊድናዊት ናት። እናቷ ስትሞት ከሜርስታ ወጣ ብሎ ያለውን የእርሻ ቤት ወርሳ ሥራውን ተወችው። ባል የላትም። ይህችን የመጨረሻዋን ይግዛው አልተናገራትም፤ ብዙአየሁ ራሷ ጠያይቃ የደረሰችባት ናት።

ጎረቤታቸው ለምለም ደግሞ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ትወዳለች። አንድ ቀን በሚኖሩበት ሰፈር በአልቢ፣ ሕንጻቸው ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተገናኙ።

"እትዬ ብዙ፣ ጋሼ ምን ነካቸው? ሊፍት ውስጥ ሰላም አሉኝ እኮ! ያውም እየሳቁ!"

"ሰላም ማለት ነውር ሆነ?"

"ኧረ በጭራሽ! አራት ዓመት ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ ስለኖሩ ገርሞኝ ነው። ደግሞ ፖም ፖም ይላሉ፣ ልክ እንደ ሕፃን ሻምፑ።"

"ይልቅ ልብስሽን አውጪልኝ። ሰዓቱ የኔ ነው፤ የተራ ማስያዣው ሰሌዳ ላይ ቁልፌን ሰክቻለሁ።"

ለምለም እየሳቀች ልብሷን አወጣች። ብዙአየሁ ግን የራሷን ልብስ ማሽን ውስጥ ከታ ሳሙና ሳትጨምር ዘጋችው። ሃያ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብና ስታጣጥፍ ለኖረች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስቶክሆልም ስትገባ ሱዳን ላይ ሁለት ዓመት ከርማ፣ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው የሦስት ዓመት ልጇን ማኑሄን ይዛ ነበር። ማኑሄ ሃያ ዓመት ሲሞላው በደም ካንሰር አረፈ። በአርባው ማግስት ፎቶዎቹን ሰብስባ ሣጥን ውስጥ ከተተችና ለባሏ፣ "ስሙን በዚህ ቤት አትጥራብኝ" አለችው። ይግዛውም ቃሏን ጠበቀላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ወጡ፣ ስለ ብርዱና ስለ ባቡሩ መዘግየት ብቻ ያወራሉ። ብዙአየሁ ዝምታውን የሁለታቸው አድርጋ ነበር የምታየው። አሁን ግን እሱ ከዚያ ዝምታ ሹልክ እያለ ሌላ ሰው ቤት ይስቃል። እዚያ ምን እንደሚያገኝ ማወቅ ነበረባት።

የኢትዮጵያ ሚሌኒየም በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ቀድማው ተነሣችና ካፖርት ለብሳ በር ላይ ጠበቀችው።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ፖም ልለቅም።"

"ወገቤን አላልሽም እንዴ ትናንት?"

"ዛሬ ሻለኝ።"

ሊና ሜርስታ ባቡር ጣቢያ መኪናዋን ይዛ ጠበቀቻቸው። ብዙአየሁ መንገዱን ሁሉ ስታዘጋጀው የመጣችው ጥላቻ ቀጭን ወገብና ቀለም የተቀባ ከንፈር ላላት ሴት የተሰፋ ነበር። ከመኪናው የወረደችው ግን ትከሻዋ የሰፋ፣ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች፣ የላስቲክ ቦት ያጠለቀች የስድሳ ዓመት ሴት ናት። ጥላቻው ልኳ አልሆነም። ብዙአየሁም እንደ ልብስ ሰፊ ታጠብበውና ታሰፋው ጀመር።

ብዙም አልተቸገረች። የሊና ውሻ ይግዛውን ሲያይ እየዘለለ ተቀበለው። የጓዳው በር እንደሚጣበቅ ያውቃል፤ በትከሻው ገፋ አድርጎ ከፈተው። ብርጭቆዎቹን ሳይጠይቅ አወጣ። በራሱ ቤት የጨው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠይቃት የኖረ ሰው!

እስከ ቀትር ለቀሙ። የወደቀውን ለመጭመቂያው፣ ያልተላላጠውን ለሣጥን ይለያሉ። ይግዛውና ሊና መሰላሉን በዓይን ብቻ እየተግባቡ ያዘዋውራሉ። ብዙአየሁም የያዘችውን እያንዳንዱን ፖም እንደ አንድ ጥፋት ማስረጃ እያገላበጠች ታየዋለች።

ከዚያ ዛፎቹ ሥር ገበታ ቀረበ። በእንስላል የተቀቀለ ትኩስ ድንች፣ በጢስ የበሰለ ዓሣ፣ ሊና ራሷ ከጫካ የለቀመችው ቢጫ እንጉዳይ በቅቤ ተጠብሶ፣ ጥቁር ዳቦ፣ አይብ፣ እንፋሎቱ ያላቆመ የፖም ኬክ። ካቻምና ከፖም የተጠመቀ ሲደርም ከምድር ቤቱ ወጣ፤ መልኩ ጠጅ የሚመስል፣ ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ሲዋጥ ደረትን የሚያሞቅ። ብዙአየሁ ላለመውደድ ቆርጣ ነበር የቀመሰችው። ጣፈጣት፤ መጣፈጡም አናደዳት።

ይህን ጊዜ ሊና በሹካ ድንችና እንጉዳይ ደራርባ ገበታውን ተሻግራ ወደ ብዙአየሁ አፍ ዘረጋች።

"ጉርሻ!" አለች፣ በአማርኛ።

ብዙአየሁ በድንጋጤ አፏን ከፍታ ጎረሰች። አላምጣ ስትጨርስ ወደ ባሏ ዞረች።

"ይሄን ማን አስተማራት?"

"እኔ ነኝ። በወሬ ነው የነገርኳት" አለ ይግዛው።

"ጉርሻ በወሬ ይማሩታል? አጉርሰሃት ነው እንጂ!"

"አጉርሼያት ቢሆን ኖሮ በሹካ ታጎርስሽ ነበር?"

ሊና አማርኛውን ስለማትሰማ ፈገግ ብላ ሁለቱንም ታያለች። የከበደውን አየር ልታቀልል አስባ ይመስላል፣ በስዊድንኛ እንዲህ አለች፤

"ማኑሄ ቢኖር ይህን ሁሉ ፖም ይጨርስልን ነበር፣ አይደል? እስከ ዘሩ ነበር የሚበላው አሉ። ሆዳም ነበር፣ ብሎኛል ይግዛው።"

ብዙአየሁ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ባሏ ከሌላ ሴት ጋር ተኝቶ ብታገኘው ትጮህ ነበር፤ የሚጮኽበት ነገር ነውና። ይሄ ግን ድምፅ አሳጣት። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጇን ይዞ ኖሯል ወደ ሌላ ሴት ቤት የሚመጣው።

"ስሙን ለሷ ሰጠሃት?" አለችው ዝግ ብላ።

"የት ልጥራው ታዲያ? ቤት አትጥራ አልሽኝ። ማኅበር ላይ አፌን ስከፍት ሰዉ ሊያጽናናኝ ይቸኩላል። እሷ አታጽናናኝም። ትለቅማለች፣ እለቅማለሁ፣ አወራለሁ። ሌላ ምንም የለም፣ ብዙዬ።"

"ሌላውን ብታደርግ ይሻለኝ ነበር።"

ሊና ሹካዋን አስቀመጠች። "ያልሆነ ነገር ተናገርኩ?"

"አዎ፣ ተሳስተሻል" አለች ብዙአየሁ ወደ እሷ ዞራ በስዊድንኛ። "ሆዳም አልነበረም። አባቱ አያውቅም፤ ሥራ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት ሳደርሰው በመንገድ ላይ ፖሙን እስከ ዘሩ ይጨርስና ፍሬው ከዛፉ የሚንጠለጠልባትን ያቺን ቀጭን እንጨት ቀስ ብሎ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይጥላል። 'የቆሻሻ መጣያህ ነኝ ወይ?' ብዬ እቆጣለሁ፤ እሱም ይህን ለመስማት ነው የሚያደርገው። ካደገ በኋላም አልተወም። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ፣ መብላት ካቃተው በኋላ፣ እንጨቷን ብቻ ነቅሎ ኪሴን በእጁ ይፈልግ ነበር።"

የተናገረችው ለማሸነፍ ነው። የይግዛው ፊት እየተለወጠ ሲሄድ አየችና እሱ የሌለው ነገር በእጇ መኖሩ ደስ አላት። ስለዚህ ጨመረች።

"ካፖርቱ አለ። አላጠብኩትም።"

ይግዛው ከመቀመጫው ተነሣ። "ያን ግራጫውን? ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት አላልሽኝም?"

"ዋሸሁህ።"

"አራት ዓመት ሙሉ ብቻሽን?"

"አንተስ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻህን?"

ይግዛው ወደ መጭመቂያው ሄዶ ማዞሪያውን ያዘና የሁለት ሰው ሥራ ለብቻው ያዞረው ጀመር። ሊና ብዙ አልጠየቀችም፤ የብዙአየሁን ብርጭቆ ሞላችላትና የፖም ኬኩን ገፋ አደረገችላት። ብዙአየሁ ባሏን ከጀርባው እያየች በላች። እንዲያ ትከሻውን ቀስሮ ሲያኮርፍ ካየችው ዘመን ሆኖታል። ሁለተኛ ቁራሽም አነሣች።

ሲመለሱ በባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የፖም ከረጢቱን እግሮቻቸው መሃል አድርገዋል። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመስሉ ልጆች ፊት ለፊታቸው ይሳሳቃሉ። ባቡሩ ሁለት ጣቢያ አለፈ።

"ስንት ናቸው?" አለ ይግዛው በመጨረሻ፣ መስኮቱን እያየ።

"ምኖቹ?"

"ግራጫው ካፖርት ኪስ ውስጥ ያሉት እንጨቶች።"

"ሰባት።"

"አንዷን ለኔ ስጪኝ።"

ብዙአየሁ አሰበችበት። ከልቧ ነው ያሰበችበት።

"አልሰጥህም" አለችው። "ቤት ስንገባ አሳይሃለሁ። እጅህን ግን ትታጠባለህ።"