የማይጠፋው ቀይ መብራት

ቼላጋት ግትር ናት፤ በኬንያ፣ በኬሪቾው የሻይ ፋብሪካ ይህን የማይል አልነበረም።

የቅጠል መቁረጫው ማሽን ከቆመም በኋላ፣ ኃይል መኖሩን የሚያስጠነቅቀው ቀይ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራ ነበር። የጽዳት ሠራተኞቹም መብራቱን መናቅ ለምደው እጃቸውን በስለቶቹ መካከል ይሰዱ ጀመር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ ቼላጋት ይህን ስታይ ዋናውን ማብሪያ አጥፍታ በራሷ ጓጉንቸር ቆልፋ መክፈቻውን ኪሷ ከተተች።

«አንቺ ልጅ፣ ቅጠሉ ሊበላሽ ነው! መብራቱን በፕላስተር ሸፍኚውና ክፈቺ» አለ አለቃዋ አራፕ ሶይ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ። «ከአህያ ትብሻለሽ እኮ!»

«አህያ ይበሉኝ፣ አለቃ። ዛሬ ሲዋሽ የለመዱት መብራት ነገ እውነቱን ቢናገር ማን ያምነዋል? ሳልጨርስ አልከፍትም።»

ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ዕቃ፣ ሪሌዩ፣ ጤነኛ ነበር። ብልጭታ እንዲያበርድ በመገናኛው ላይ የተገጠመለት ዕቃ ግን፣ ሪሌዩ ካቋረጠ በኋላም ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሾልክ ነበር። ቼላጋት ለሚሾልከው ኤሌክትሪክ ሌላ መንገድ እንዲሆን ከመብራቱ ጎን ሬዚስተር አሰረች። ጓጉንቸሩን ፈትታ ማሽኑን አስነሥታ ስታቆመው መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ።

አራፕ ሶይ አየና ዘወር ብሎ ሄደ።

ግትርነቷ እውነት ነው። እርሱ ግን በሠራተኞቹ ፊት ሰድቧታልና በእነዚያው ሠራተኞች ፊት ይቅርታ ሊጠይቃት ይገባው ነበር።