«ሳብ» ማለት ያቃተኝ ቀን

የአደን ወሬ ንገረን ባላችሁኝ ቁጥር የምትጠብቁት አንበሳ ነው። ጠመንጃ ይዞ አንበሳ መጣል እኮ ቀላል ነው፤ ጥዬ ስለማውቅ ነው የምላችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ከዚህ ከተቀመጥንበት ብዙም ሳይርቅ፣ ጣልያን ካዛንቺስን ሲሠራ ስለገደልኩት ጅብ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ያን ዕለት ስቄ ነበር።

ጊዜው ሐምሌ ነው። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ማታም አያባራ። ለሹሞቻቸው ቤት በሚሠሩበት ጭቃ ውስጥ እኛ ድንጋይ እንሸከማለን። ጠመንጃችንን አስረክበናል። እኔ ውጅግራዬን ሳስረክብ ከኪሴ አንዲት የተረሳች ጥይት ተገኘችና አንዱ ወታደር ቀኝ እጄን ድንጋይ ላይ አስደግፎ በሰደፍ ቀጠቀጠው። ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ፣ ጀግና እንድባል። አጥንቱ እንደ ነገሩ ገጠመ እንጂ ጣቶቼ ከዚያ ወዲያ አልታዘዙኝም፤ ቢቆነጥጧቸውም አይሰማኝ። አንበሳ የጣለ እጅ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ቁራሽ እንጀራ በግራ እጄ ስቆርስ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። እግዜርን እስከዚያ ድረስ የማውቀው ስምል ብቻ ነው፤ ለምኜው አላውቅም። ምን ጎድሎኝ!

በላቸው አብሮኝ ነበር። በአዋሽ በረሃ ዕድሜያችንን አብረን ያደንን፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ልቡ ግን የሕፃን የሆነ ሰው። እርሱን በሠራተኛው ድንኳን ላይ ዘበኛ አድርገውታል።

ያን ጊዜ ጅቡ ሰው ለምዶ ነበር። ጣልያን የገደለውን ወንዝ ዳር እየጣለ እርሱው አስለመደው። የሞተውን ሲጨርስ ወደ ቋሚው ዞረ። አንድ ጠዋት ስንነሣ ከዳር የተኛው ሠራተኛ የለም፤ ድንኳኑ ተቀዷል፣ ጭቃው ላይ የተጎተተበት ፈለግ አለ። ሰዉ ዕቃውን እየሰበሰበ መጥፋት ጀመረ።

የሥራው አለቃ፣ ጣልያኑ ካቦ መጣ። አጭር፣ ፊቱ ቀይ፣ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ የሚል ሰው ነው። በላቸውን አስጠርቶ በአስተርጓሚ እንዲህ አለው፦ «ተኝተህ ሰው አስበላህ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጅቡ ካልሞተ የወንዙ ገደል አፍ ላይ አስረንህ እኛ ከላይ እንጠብቀዋለን። ምግቡን ካየ ይመጣል።» የሚቀልድ መስሎኝ አስተርጓሚውን አየሁት። አስተርጓሚው መሬት መሬቱን ያያል።

«እኔ አዳኝ ነኝ፤ ጠመንጃ ስጡኝና ልግደለው» አልኩ።

ካቦው እጄን አየና ሳቀ። «በጥርስህ ግደለው» አለ።

በላቸው የድንጋይ መጎተቻውን ገመድ ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ ከሲሚንቶው ጋር ከሚቀበረው ፌሮ አንዱን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ፤ ጫፉን ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ስሞርደው ጦር ወጣው።

ዝናብ ደም ያጥባል፣ ዱካ ግን ይጽፋል። የጅቡ የግራ ኋላ እግር ያነክሳል፤ ከመዳፉ ምልክት ጎን ጭቃውን ጫር እያደረገ ሄዷል። በባሕር ዛፉ ውስጥ ቁልቁል፣ ወደ ቂርቆስ በሚወርደው ወንዝ ተከተልነው። እሾህ ላይ የሟቹ ጋቢ ብጫቂ አገኘን። በላቸው አንሥቶ አጣጠፈውና ኪሱ ከተተው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ዝንብ የሚርመሰመስበት ጉድጓድ ነበር። የገባ ዱካ አለ፣ የወጣ የለም።

የጠገበ ጅብ ቀን በጉድጓዱ ይደነዝዛል። የድሮ ሰዎች እግራቸውን በገመድ አስረው ይገቡበታል፣ የቀረው ከውጭ ይስባል። በላቸው ለጉድጓዱ አይሆንም፤ እኔ ደግሞ ረኀቡ አቅጥኖኛል። ገመዱን ቁርጭምጭሚቴ ላይ እያሰረ፣

«እንግዲህ ስትወጋው ‹ሳብ› በለኝ» አለኝ።

«ሳብ? ጉድጓድ ቆፋሪ አደረግኸኝ? ‹ዘራፍ› ስል ሳብ።»

«ለጅብ ዘራፍ? ሰው ቢሰማን ምን ይለናል!»

«ማን ይሰማናል? አንተ ብቻ ሳብ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከሳቅን ከርመን ነበር።

በሆዴ ገባሁ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። አጥንት በክርኔ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ የምን አጥንት እንደሆነ ላለማሰብ ትንፋሼን እሰማለሁ። ከዚያ ሁለት ዓይኖች። ፌሮውን በግራ እጄ ይዤ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሰደድኩት። ገባ። አንዴ አጓራ፣ ተወራጨና ጸጥ አለ። ስንት ወር ተዋርጄ ቆይቼ አሁን ገደልኩ! ሞቱን እንኳ ሳላረጋግጥ «ዘራፍ!» ብዬ ጮህኩ።

እናንተ ይህን አታውቁም። በእኛ ደንብ ጓደኛህ ግዳይ ጥሎ ዘራፍ ሲል ቆመህ አትሰማውም፤ የያዝከውን ጥለህ ወደ እርሱ ትሮጣለህ። በላቸው ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ያንን ነው። ገመዱን ሳብ መባሉ ጠፋውና ጣለው፤ ደንቡ ጎተተው። «አለሁ!» እያለ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ አስገባ።

ጅቡ አልሞተም ነበር። ፌሮው ጎኑ ላይ እንደተሰካ ጀርባዬን ረግጦ ወደ ብርሃኑ ተወረወረ። በብርሃኑ ላይ የነበረው የበላቸው ፊት ነው።

ያንን ድምፅ አልነግራችሁም።

ወደ ኋላ እየተሳብኩ ወጣሁ። ጅቡ ጉንጩን ከነመንጋጋው ነክሶ በላዩ ተኝቷል። በግራ እጄ ደበደብኩት፤ ግድግዳ የመታሁ ያህል ነው። የአባቴን ስም ጠራሁ፣ የፈረስ ስሜን ጠራሁ፣ የገደልኩትን ሁሉ ቆጠርኩበት። ጅብ ፉከራ ምኑ ነው? የበላቸው እግር መራገጡን ሊተው ነው። ጉልበቴ አለቀ። በጭቃው ተንበርክኬ ቀረሁ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ያኔ ነው ከአፌ ያልጠበቅሁት የወጣው፦ «አምላኬ፣ አልቻልኩም። ያለኝ ይህ ነው።»

ቀኝ እጄን ዘርግቼ ነበር። ያን የማይረባ፣ የረገምኩትን እጅ። በጅቡ መንጋጋ ማዕዘን ወደ ውስጥ ሰደድኩት። ጅቡ በላቸውን ለቆ እጄን ያዘ። ቢሰማኝ ኖሮ እስበው ነበር፤ ስላልሰማኝ ወደ ጉሮሮው ገፋሁት። አጥንቱ ሲደቅ ሰማሁ። በግራዬ ፌሮውን ጎኑ ላይ አገኘሁና በደረቴ ተደገፍኩበት። ከትናንት ጀምሮ ያልበላ ሰው ነበርኩ። ያ ኃይል የእኔ ነው የሚል ሰው ቢኖር እዚያ ያልነበረ ነው። ጅቡ ሞተ። ዘራፍ አላልኩም።

ጩኸት የሰሙ ቄስ ከቂርቆስ ሰዎች አስከትለው ወረዱ፤ ጥምጣማቸውን ፈትተው ክንዴን አሰሩ። እጄ እስከ አንጓው የለም። የበላቸው አንድ ዓይንና ግማሽ መንጋጋ የለም፣ ነፍሱ ግን አለች። ጅቡን በዚያው ገመድ ጎትተው ፀሐይ ሳትጠልቅ አደረሱልን።

ካቦው እግሩን ጅቡ ላይ አድርጎ፣ ጠመንጃውን ይዞ ፎቶግራፍ ተነሣ። ከዚያ ፌሮውን አየ። «የመንግሥት ብረት የሰረቀ ማን ነው?» አለ። ቂመኛ ነበርና ቁስላችን እስኪጠግግ ጠብቆ በሠራተኛው ፊት ለግርፋት አወጣን። የበላቸውንም ለእኔ አድርጉት አልኩ። ደስ እያላቸው አደረጉት። በዚያን ጊዜ ከንፈሬን አልነከስኩም። እንደ ሕፃን እየጮህኩ «አምላኬ፣ ያዘኝ» አልኩ፤ ሲስቁብኝም አላፈርኩም። እግዜር ጅራፉን አላስቆመልኝም። ሲጨርሱ ግን ቆሜ ሄድኩ፤ እጄን የቀጠቀጡ ዕለት ሰው ተሸክሞኝ ነበር የሄድኩት።

እንግዲህ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ለሌላው ቄሱን ጠይቁ። በላቸው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ቂርቆስ አብረን እንስም ነበር። ስሰግድ በአንድ እጅ መነሣት ያቅተኛል፤ እርሱ በዚያ በተጣመመ አፉ እየሳቀ ከላዬ ቆሞ ይጠብቀኛል። ካላልኩት አያነሣኝም። «ሳብ» እለዋለሁ፣ በተቆረጠው ክንዴ ጉማድ ይዞ ያነሣኛል። እርሱን ከቀበርኩ በኋላ ወለሉ ላይ ብዙ ቆይቼ አውቃለሁ።

በሉ ደወሉ ተደወለ፤ ጉልበቴም ደንዝዟል። አንተ፣ ና እስቲ። አይዞህ፣ ጉማዱን ያዘው፤ አያመኝም።

ሳብ።