ተራቸውን የሚለቁት አጎቴ

አጎቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የጁባ ድልድይ ነው። በዚያን ጊዜ አንደኛው መስመር በብልሽት ተዘግቶ ስለነበር መኪና የሚያልፈው በየተራ ነበር። አጎቴ ኬላው ላይ የመተላለፊያውን ከፍለው ተራቸው ቢደርስም፣ ከማዶ የቸኮለ ሰው ካዩ «ይለፍ፤ ድልድዩ የትም አይሄድም» ብለው ይቆሙ ነበር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ወደ ኡጋንዳ ድንበር፣ ወደ ኒሙሌ ለመውጣት ድልድዩን ስናጋምስ፣ ተራዋን ያልጠበቀች ፒክአፕ ከፊታችን መጣች። ከኋላ መጫኛዋ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ተኝታለች። እኛን ደግሞ ሁለት የጭነት መኪኖች ተከትለውናል። አጎቴ መሪውን ለእኔ ሰጥተው ወረዱ።

«ከፍዬ ነው የገባሁት» አላቸው አንደኛው የጭነት መኪና ሾፌር። «ብመለስ እንደገና ያስከፍሉኛል።»

«እኔ እከፍልልሃለሁ፣ ልጄ። እሷን ግን ውኃ ላይ አናስወልዳትም።»

ዝናብ እየመታቸው፣ በእጃቸው እየመሩ ሦስታችንንም ወደ ኋላ አወጡን። ፒክአፗ ወደ ሆስፒታል በረረች። የኬላው ሰውም ሁሉን ሲያይ ነበርና ማንንም ዳግመኛ ሳያስከፍል የመዝጊያውን ብረት አነሳልን።

አጎቴን ከቀበርን በኋላ መኪናቸውን ይዤ ብቻዬን ኬላው ደረስኩ። ያው ሰውዬ ወደ ጋቢናው አየና «ምዜ ወይን?» አለኝ፤ ሽማግሌው የት ናቸው ማለቱ ነው። በእሳቸው ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ከጎኔ ማንም የለም። ማረፋቸውን ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ። ከኋላ ጥሩምባ ቢጮህበትም ብረቱን ሳያነሳ አንገቱን ደፍቶ ለአፍታ ቆመ።