የመድኃኒት መንገድ

ክብሩ አሰብ ወደብ ላይ የገቢ ዕቃ ጥራት ሲመረምር ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ብዙ ዘመን ያብሰለሰለው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከመርከብ ሲራገፍ ደህና የነበረ መድኃኒት፣ ደጋ ሲደርስ ለምን ተበላሽቶ ይገኛል? እንክብሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሽሮፑ ቀለሙን ይለውጣል። ሌሎች መርከቡን ይወቅሳሉ፣ መጋዘኑን ይወቅሳሉ። እሱ ግን መንገዱን ይጠረጥራል። ስለዚህ ከጎልማሳነት አልፎ ለሁለተኛ ዲግሪው አዲስ አበባ ሲላክ፣ የመመረቂያ ጥናቱን ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም።

ለልኬቱ ወደ አሰብ ተመለሰ፤ ዘዴውም ቀላል ነበር። የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቀር ቴርሞሜትር በትንሽ ካርቶን ያሽግና «ከጭነቱ መሀል ይሁንልኝ» ብሎ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ይሰጣል። አዲስ አበባ ያለ ባልደረባው ተቀብሎ ያነበዋል። ሐሩሩ የሚበረታበትን ወራት ሙሉ እንዲህ ሲልክ ከረመ። ውጤቱ ግን ራሱን አስገረመው፤ በዚያ ሁሉ በረሃ ውስጥ መድኃኒት የሚጎዳ ሙቀት አልተገኘም። አንጀቱ ባይቀበለውም፣ የተለካ ነገር ነውና ጻፈው። መድኃኒቱን የሚያስመጣው መሥሪያ ቤትም ጥናቱን አምኖ፣ ለጭነት መኪኖቹ ሊያሠራ ያሰበውን የሙቀት መከላከያ ተወው።

በ1990 ግንቦት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ተዘጋ። ካርቶኗን ካመላለሱት ሾፌሮች አንዱ፣ ሽማግሌው መርሻ፣ ከነመኪናው አሰብ ቀረ። አንድ ቀን እሱና ክብሩ በመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ፣

«ዶክተር፣ ያቺ ካርቶንህ ምን ላይ ደረሰች?» አለው። ክብሩ ዶክተር አይደለም፤ መርሻ ግን ለተማረ ሰው ማዕረግ አይሰስትም።

«ጥናቱ አለቀ ጋሽ መርሻ። በእናንተ እገዛ።»

«እገዛ ብቻ! እንደ አራስ ነው የተንከባከብናት።»

«እንዴት አድርጋችሁ?»

«የሰው አደራ ዶቢ በረሃ ላይ ከጭነት መሀል ይቀቀላል እንዴ! ጋቢና አስገብቼ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ከምጠጣው ውሃ ጎን ነው የማስቀምጣት። እኔ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሌሎቹ ሾፌሮች፣ ንጋቱም ነጂብም፣ እንደዚሁ ናቸው። 'የክብሩን ዕቃ ፀሐይ እንዳይነካት' እንባባል ነበር።»

ክብሩ ሊቆጣ ፈልጎ በምኑ ይቆጣ? ስንፍናን፣ ስርቆትን፣ የመኪና ብልሽትን ሁሉ አስቦ በጥናቱ ውስጥ ቦታ ሰጥቷቸው ነበር። ሰው ሊወድደው እንደሚችል ግን አላሰበም።

«ምነው? አጠፋን?»

«የለም... መድኃኒቱ ሲቀቀል እሷም አብራ እንድትቀቀል ነበር የፈለግኩት።»

መርሻ ትንሽ አሰበ። «አይ አንተ! ታዲያ ይህን አትነግረንም ነበር?» ብሎ ሳቅ ጀመረና መሀል ላይ ተወው። «የልጅ ልጆቼም እኮ ያንኑ ሽሮፕ ነው የሚጠጡት።»

ክብሩ ተነስቶ ቴሌ ሄደ። መድኃኒቱ ከእንግዲህ በጅቡቲ ቢዞርም፣ የሚያቋርጠው ያንኑ የአፋር በረሃ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የጥናቱ ወረቀት ደግሞ «አይዟችሁ» ይላል፣ በእሱ ስም። አውሮፕላኑም ቆሟል።

«አዲስ አበባ የለም እኮ ጋሽ ክብሩ» አለች የስልክ ሠራተኛዋ ታደለች። «መስመሩ ተቆርጧል።»

«በአስመራ ዞሮስ?»

«አስመራም ወዲያ አያሻግርም።»

«ታዱዬ፣ ረጅም ወሬ የለኝም። 'አትመኑት' ብቻ ልበላቸው።»

«ማንን?»

«እኔን።»

ታደለች የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ አየችው። የቀለደ መስሏት ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። «ነገ ይሞክሩ» አለችው፤ ነገም መስመር እንደማይኖር ሁለቱም ያውቃሉ። ከኋላው ደሴ ያለች እናቷን የምትፈልግ ሴት ተሰልፋለች። ክብሩ ቦታውን ለቀቀላት፤ እሷም ያንኑ መልስ ስትቀበል ቆሞ ሰማ።