ጥሩወርቅ የሠራችው ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጄ አዲሱን የአማርኛ መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስታጠና፣ የወረቀቱና የቀለሙ ሽታ ወጥ እስከማማስልበት ድረስ መጣ። «እማዬ፣ ባይተዋር ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ማማሰያውን አስቀምጬ መጽሐፉ ላይ አጎነበስሁ። ትርጉሙ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቃሉን ያወቅሁባት ልጅ ፊቴ ድቅን ብላብኝ ነው።

አምስተኛ ክፍል ነበርን። አባቴ ከአዲስ አበባ ተቀይሮ ባሕር ዳር የመጣ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ እኔም እንደ ፋብሪካው ሠፈር ልጆች ሁሉ ራሴን ከሌላው ከፍ አድርጌ የማይ ነበርሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከእረፍት በኋላ ምንባብ እንማራለን። እትዬ አልማዝ፣ መምህራችን፣ አዳዲሶቹን ቃላት በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈታቸው ሰሌዳው ላይ ይደረድሩና እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር እንድናስገባ ያዙናል፤ በተሰበረው መስኮት የሚገባው የሐይቁ ነፋስም የጠመኔውን ብናኝ ፊት በተቀመጥነው ላይ ያራግፈዋል። አንድ ቀን «ግርማ ሞገስ» የሚል ቃል ጽፈው አንዱን ልጅ ቢያስነሱት፣ «ግርማ ሞገስ ዛሬ ስለታመመ ከትምህርት ቤት ቀርቷል» ብሎ እሳቸውን ራሳቸውን በሳቅ እንባ አስነባቸው።

በዚያ ዓመት ነው ጥሩወርቅ ከዘጌ የመጣችው። አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ እንድትማር ብለው ከተማ ካለች አክስቷ ዘንድ አስቀመጧት፤ እትዬ አልማዝ ደግሞ ከእኔ ጎን። ለሁለት አንድ መጽሐፍ ነበር የሚሰጠን። እስከዚያ ቀን በንባብ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ እሷ ግን ፊደል የቆጠረችው ገና በሕፃንነቷ ከአባቷ ጉልበት ሥር ነውና፣ እኛ የምንደናቀፍበትን ሁሉ እንደ ውኃ ታወርደዋለች። ቅናት ያዘኝ። መጽሐፉን ቀስ እያልሁ ወደ ራሴ እስበው ጀመር፤ እሷም አንገቷን አስግጋ በጎን ታነባለች። እኛ «ሄድኩ» የምንለውን እሷ «ሄድሁ» ስትል የሠፈሬን ልጆች ሰብስቤ አነጋገሯን እየደገምሁ አስቅባት ነበር።

ታዲያ አንድ ሐሙስ እትዬ አልማዝ «ባይተዋር» ብለው ጻፉ። የሚያውቀው ጠፋ። «ሰው መካከል ተቀምጦ ሰው የሌለው ማለት ነው» ብለው አስረዱንና ዓረፍተ ነገር ጠየቁ። ጥሩወርቅ እጇን አወጣች፤ ብድግ ብላም፣ ዜማ እንደሚያጠና ሰው ረጋ ባለ ድምፅ፣ «እኔ በዚህ ክፍል ውስጥ ባይተዋር ነኝ» አለች።

የሳቀ የለም። «ልክ ነው፤ ተቀመጪ» አሉ እትዬ አልማዝ። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርሁ። መጽሐፉን ወደ መካከል ገፋሁት፤ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሳንነጋገር አንድ ገጽ ላይ ካነበብን በኋላ፣ አንድ ቀን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጨርሰሻል? ልግለጠው?» አለችኝ። ጓደኝነታችን ከዚህ ጀመረ።

ከትምህርት ቤት መልስ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር እንቀመጣለን፤ እኔ የቤት ሥራውን ሒሳብ አሳያታለሁ፣ እሷ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ፣ አገሯም በሬ ተጠምዶ እንደማይታረስ፣ ሰዉ በጫካው ቡና እንደሚተዳደር ትነግረኛለች። ሳይታወቀኝ እኔም «ሄድሁ» ማለት ጀመርሁ፤ አባቴ እየሳቀ፣ «ልጄ ጎጃሜ ሆነችብኝ» ይል ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እናቷ ታመሙና መሪጌታ በጀልባ መጥተው ወሰዷት። ወደቡ ድረስ ሸኘኋት። «መስከረም እመለሳለሁ» አለችኝ። መስከረም ሲጠባ ከአጠገቤ ሰው እንዳይቀመጥ ስከላከል ቆየሁ፤ እሷ ግን አልመጣችም።

ነርስ ሆኜ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ዘጌ ተሻግሬ መሪጌታን አገኘኋቸው። «እንፍራንዝ ተድራለች፤ ወልዳለች» አሉኝ። «አባቴ፣ አሁንም ታነባለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንዴታ! የመንደሩን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብ እሷ አይደለች!» አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ ወደ ጎንደር ስመላለስ ስንት ጊዜ በእንፍራንዝ አልፌአለሁ። አውቶቡሱ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቆም ባለ ቁጥር በመስኮቱ የሴቶቹን ፊት እፈልጋለሁ፤ ተነሥቼ ልወርድ እልና፣ ምን ብዬ እጀምርላታለሁ እያልሁ ሳመነታ በሩ ይዘጋል። ያኔ ይቅርታ አላልኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ዋርካው ያለበት ዳርቻ ዛሬ ታጥሮ አያስገባም፤ መሪጌታም አርፈዋል። የተናገረችው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ ይለኛል፤ ድምጿን ግን ረስቼዋለሁ፤ ዛሬ ገበያ መካከል ከኋላዬ ቆማ ብትናገር እሷ ናት ብዬ ዘወር የምል አይመስለኝም።