ጥርሱ ያነሰው

ልጄ ሰኢድ ደሴ ግቢያችን ውስጥ የአባቴን አሮጌ ፊያት የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ዲፈረንሻል ፈቶታል። የዘይቱ ሽታ ጓዳ ድረስ ሲገባ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ አባቴ እዚሁ ዲፈረንሻል ውስጥ የሚገጠሙ ሁለት ክብ ጥርሳም ብረቶች ፊቴ አስቀምጦ ጥርሳቸውን አስቆጠረኝ። «ዘሚ፣ ጥርሱ የበዛው ይይዝሻል። ያነሰው ሜዳ ላይ ያስሮጥሻል፣ የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ግን ይለቅሻል። ፍሬን ብቻውን አይችለውም» አለኝ። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስለነበር ስለ እኔ የሚያወራ መስሎኝ በዘይታም እጄ አፌን ሸፈንኩ። «አንቺንማ ማን ይለቅሻል!» ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ሰኢድ አንዱን ብረት ይዞ፣ «እማ፣ ጥርሱ ያነሰውን ልገጥም ነው» አለኝ። «ከኮምቦልቻ እስከ ደጋን ባለው ሜዳ መኪናው ሞተሩ ሳይጮህ ይበራል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል።»

ፊደል ብዙ አልቆጠርኩም፣ ይሄን ግን ቆጥሬዋለሁ።

«ኮምቦልቻ በየት ልትወርድ ነው?»

«በሐረጎ ነዋ!»

«እንግዲያው ልጄ፣ ሜዳህ ያለው ከሐረጎ በታች ነው።»

የያዘውን ብረት ትንሽ አየት አደረገና መሬት አስቀመጠው። ሌላውን አንስቶ ሰጠኝ። በዘይታም ጣቴ አንድ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ።