የሞላሌው ጋሽ ደምሴና የሁለት ደቂቃው ሕግ

በዘመሮም፣ በመሐል ሜዳም፣ በጓሳ ዙሪያም ላላችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ። የሞላሌው በርኖስ ሰፊ፣ የዳማ ጨዋታችን አባት ጋሽ ደምሴ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ቀብራቸውም በማግስቱ በደብራቸው ተፈጽሟል። መንገዱ ርቆባችሁ ላልደረሳችሁ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ዘነበች ነኝ፤ ከሱቃቸው ጎን ክርና ቁልፍ የምሸጠው፣ እናንተ «ቀርፋፋዋ» የምትሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ጨርቅ ለመቁረጥ የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም። የበግ ጠጉሩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ መቀሱን በእጃቸው ይዘው፣ ባለቤቱ እስኪጨንቀው ድረስ ያዩታል። «ከቆረጡ በኋላ ማሰብ ልቅሶ ነው» ይሉ ነበር። ሲጣደፉ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የወንድሙን መርዶ ገበያ ላይ የሰማ ሰው ኮቱ ትከሻው ላይ ተቀዶ በበራቸው ሲያልፍ ጠሩት፤ የስፌት መኪናው ላይ የነበረውን በርኖስ አንስተው የሱን ሰፉለት። ሊከፍል ኪሱ ሲገባም እጁን ያዙትና «ሂድ፣ ወንድምህን ቅበር» አሉት።

ከሱቃቸው ፊት ባለው አግዳሚ ላይ የዳማ ሰሌዳ አይጠፋም ነበር። ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፤ የአንዱ ተጫዋች በሆዳቸው፣ የሌላው በጀርባቸው ይደረደራሉ። እኔ ቆሜ ማየት ባበዛሁ ጊዜ «ሴት ልጅ ደግሞ ከዳማ ምን አላት?» ያለ ነበር። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና «ቁጭ በይ፣ ቆሞ ማየት እግር ይፈጃል» አሉኝ። ከተማሪ ቤት ጀምሮ መልሱን እያወቅሁ አፌን እስክከፍት ሌላ ሰው የሚቀድመኝ ሰው ነኝ። በሞላሌ ውስጥ «ፍጠኚ» ብለውኝ የማያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እንዴትስ ይበሉኝ፤ ከኔ ይብሱ ነበር!

በየዓመቱ በጥምቀት ሰሞን የምናደርገውን ውድድር ታውቁታላችሁ። አንድ ዓመት ከጓሳ በኩል አያ ታደሰ የሚባሉ ገበሬ ሊወዳደሩ መጡ። ተራቸው ከጋሽ ደምሴ ጨዋታ ቀጥሎ ነበር። ጋሽ ደምሴ አንዲት ቆርኪ ለማንሳት አገጫቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ ከአግዳሚው ላይ ተነስታ ግድግዳው ላይ ወጣች። አያ ታደሰ ዱላቸውን አነሱ። «ጋሼ፣ ማሰብዎ ደግ ነው፤ እኔ ግን ዳገት አለብኝ» ብለው ሳይጫወቱ ሄዱ። በዓመቱም አልመጡም።

ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ሰዓት ይወሰን፣ አይወሰን በሚል ተሰበሰቡ። ወጣቶቹ ይወሰን አሉ። እኔ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብዬ ተከራከርኩ፤ ጋሽ ደምሴ እንደሚያግዙኝ አልተጠራጠርኩም። እሳቸው ግን ተነሱና «አንድ ቆርኪ ለማንሳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ያለፈበት ይሸነፍ» አሉ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያቺን አግዳሚ ራሳቸው ሰጥተውኝ ራሳቸው የነጠቁኝ መሰለኝ። እንደ ሰው ተቆጥሬ የምቀመጥበት ሌላ ቦታ አልነበረኝምና ክፉኛ ተቀየምኩ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳኋቸው።

አንድ ቀን ሱቄ መጡና ጥቁር ክር ጠየቁ። መሳቢያቸው ጥቁር ክር ሞልቶት እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ተቀይመሽኛል» አሉኝ።

«እርስዎም እንደ ሰዉ ፍጠኚ አሉኝ።»

«ያን ቀን እኔ ያሰብኩበት ጊዜ የኔ አልነበረም፤ የታደሰ ነበር። ሳላስፈቅደው ወሰድኩበት።»

«እኔስ? በሁለት ደቂቃ ምን አስባለሁ?»

«ሌላው ሲያስብ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እጠብቃለኋ!»

«እሱ ነው ያጎደለሽ፤ ያን ጊዜ አስቢ። የሱ ሁለት ደቂቃ ላንቺም ነው።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መኪናቸውን ሸፍነው ያለማምዱኝ ጀመር። በመጀመሪያ ጊዜው የሚለካው በአቡነ ዘበሰማያት እንዲሆን ተስማምተን ነበር፤ ዳኛው ሦስቴ በለሆሳስ ደግሞ እስኪጨርስ። ሙከራውን ስናደርግ ግን ዳኛው ለኔ ሲሆን እንደ ጅረት አወረደው፣ ለጓደኛው ሲሆን አንቀጽ በአንቀጽ አላመጠው። ጋሽ ደምሴ ተቆጡ። «ጸሎት አሩጣችሁ ሰው ልታሸንፉ? ነውር ነው!» አሉ። በስልክ እንዲለካ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሚቀጥለው ጥምቀት ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ልከው ያስጠሯቸው አያ ታደሰ መጡ። በመጀመሪያው ጨዋታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተሸነፉ፤ ቀኑ ገና ነበርና እየሳቁ ዳገታቸውን ወጡ። እኔም ሁለት ሰው አሸንፌ ለግማሽ ፍጻሜ ደረስኩ፤ የደረሰኝ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ይላሉ። በመጨረሻ ሦስት ቆርኪዬን በአንድ ጊዜ የምትበላዋን መንገድ አገኟት። እኔም አይቻታለሁ። እጃቸውን ሲዘረጉ ስልኩ ጮኸ።

ዳኛው ወጣት አስተማሪ ነበር። ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና «አልጮኸም፣ ጋሼ፣ ይጫወቱ» አላቸው።

«ጮኋል» አሉ፤ እጃቸውን ሰበሰቡ።

እኔም «ግድ የለም ጋሼ፣ ይጫወቱ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

«እንቢ። ለታደሰ ያጠረ ደቂቃ ለኔ አይረዝምም። አሸንፈሻል» ብለው ተነስተው ቦታውን ለቀቁልኝ።

በፍጻሜው የዘመሮው ሰው በቀላሉ አሸነፈኝ። የሽልማቱን ሙክትም ይዞ ሄደ፤ ይባረክለት። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሁለት ደቂቃ ያንሳል ባይ ነኝ፤ ሦስት ቢሆን ማንም አይመሽበትም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው ከአግዳሚው ተነሺ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ በዕቁብም በዕድርም ስብሰባ ቃል የምናገረው፣ ሌላው ሲናገር ማሰብን ከእሳቸው ስለተማርኩ ነው።

እንግዲህ ጋሼ፣ ቀሪው ለእርስዎ ነው። ታመው በተኙ ጊዜ አራት ቀን ተመላልሻለሁ። በየቀኑ አንድ ነገር ልነግርዎ እየመጣሁ፣ ቃሉን ስመርጥ፣ ይህኛው ያንሳል፣ ያኛው ይበዛል ስል፣ እግርዎን አሽቼ እመለስ ነበር። በአራተኛው ቀን «ምን ልትይ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ምንም» አልኩ፤ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ። ነገው ሐሙስ ነበር። ልጆችዎን እናያቸዋለን፣ አይስጉ። ነፍስዎን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ዘግይቼ ነው ያልኩት፤ ግን አስቤበት ነው።